ሦስቴ የተቆጠሩት ሰርቨሮች

ሰርቨሮቹ የሚሠሩበት የሬድ ሃት ሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓመታዊ ክፍያ (ሰብስክሪፕሽን) ዕድሳት ፕሮፎርማው እንደመጣ የምርምር ተቋሙ ፋይናንስ ኃላፊ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው ጠበቁ።

“ኢንጂነር፣ በንብረት መዝገባችን ያለው 70 ሰርቨር ነው። ሻጩ 198 ይላል። ማንን ልመን?”

“ሁለቱም ልክ ናቸው” አለ የክላስተሩ (ለከባድ ስሌት የተጣመሩት ሰርቨሮች) ኃላፊ። ለፋይናንስ ሰው ከዚህ የባሰ መልስ መስጠት የሚቻል አይመስለኝም።

እውነቱን ግን ነው። 64ቱ የስሌት ኖዶች (ስሌቱን የሚሠሩት ሰርቨሮች) ዲስክ የላቸውም፤ በተነሱ ቁጥር ኢሜጁን (የሲስተሙን ሙሉ ቅጂ) ከኔትወርክ ወደ ራም፣ ወደ ጊዜያዊው ማኅደር፣ ይጭናሉ። ማስነሻ ስክሪፕቱ ውስጥ ደግሞ የሰብስክሪፕሽን ማኔጀር (ማሽኑን ለሰብስክሪፕሽን የሚያስመዘግበው ፕሮግራም) መመዝገቢያ ትእዛዝ ተሰክቷል። ኖዱ ሲመዘገብ የሚሰጠው መታወቂያ ያረፈው ራም ላይ ስለሆነ ሲጠፋ አብሮት ይጠፋል። ዳግም ሲነሳ እንደ አዲስ ማሽን ይመዘገባል፤ የቀድሞው ምዝገባ ግን ፖርታሉ (የምዝገባው ድረ ገጽ) ላይ እንዳለ ይቀራል። ሦስቴ ሲነሱ 192፤ የአስተዳደርና የስቶሬጅ 6 ሰርቨሮች ሲደመሩ 198።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሙት ምዝገባዎቹ ይሰረዛሉ፣ ትእዛዙ ከስክሪፕቱ ይወጣል፣ ፓኬጆች የሚዘመኑት ኢሜጁ በሚሠራበት በተመዘገበው ማሽን ላይ ብቻ ይሆናል፤ ኢሜጁ ከመቀዳቱ በፊት ደግሞ መታወቂያውን ከማሽኑ የሚያጠፋው “ሰብስክሪፕሽን ማኔጀር ክሊን” ይሮጣል። ይህቺ የመጨረሻዋ ከተዘለለች 64ቱም በአንድ መታወቂያ ይነሱና ሪፖርቱ በተቃራኒው ይዋሻል።

ኃላፊዋ ፊታቸው ፈካ። “እንግዲያው የአንዱን ብቻ እንክፈላ!”

አይሆንም። ውሉ የሚቆጥረው የተመዘገበውን ሳይሆን የሚሠራውን ነው። መደበኛው ሰብስክሪፕሽን በሶኬት (ፕሮሰሰር በሚሰካበት ቦታ) ጥንድ ስለሚሰላ ባለ ሁለት ሶኬት ኖድ፣ ኮሩ 16 ይሁን 64፣ አንድ ይወስዳል። ለስሌት ኖድ ብቻ የተዘጋጀ ረከስ ያለ ዓይነትም አለ፤ ሻጩ በዚያ ሁሉ ደብዳቤው አንዴም አላነሳውም።

“ድሮ ያለ ክፍያ ስትሠሩ አልነበር?”

ነበር፣ የሬድ ሃት ሊኑክስ ነጻ አቻ በሆነው በሴንትኦኤስ። ስሪት 8 እስከ 2029 ይዘልቃል ተብሎ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ዕድሜው በ2021 ማብቂያ እንዲቆም ተወሰነ። ያ ውሳኔ ነው ተቋሙን ወደ ክፍያ የገፋው።

በመጨረሻ 64ቱ ወደ ሌላ ነጻ አቻ፣ ወደ አልማሊኑክስ፣ ዞሩ። 6ቱ በክፍያ ቀሩ፤ የስቶሬጁ አቅራቢ ሌላ ሲስተም ላይ የድጋፍ ጥያቄ አይቀበልም። ዝውውሩ ራሱ ቀላል ነበር፤ ራስ ምታቱ የመጣው በኋላ ነው። ኖዱን ከጋራ የፋይል ሲስተሙ ከላስተር ጋር የሚያገናኘው ክላየንት ሞጁል የሚገነባው ለተወሰነ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ስለሆነ፣ ከርነሉ ብቻውን ሲዘመን ኖዱ ደህና ይነሳል፣ የፋይል ሲስተሙ ግን ማውንት አይሆንም (ከኖዱ ጋር አይገናኝም)፤ የተላኩት ጆቦች (የስሌት ሥራዎች) ሁሉ ወዲያው ይወድቃሉ። ስለዚህ ከርነሉ እንዳይዘመን በቨርዥንሎክ ይታሰራል፤ ሞጁሉ ለአዲሱ ተገንብቶ አንድ ኖድ ላይ ካልተሞከረ አይፈታም። አንድ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ጫኚ ደግሞ የሲስተሙን ስም አንብቦ አልጫንም አለ፤ ሥር ያለው ላይብረሪ ያው መሆኑ ግድ አልሰጠውም።

የ6ቱ ዕድሳት በዓመቱ ሲመጣ፣ የብዛት ቅናሹ ስለቀረ፣ የአንዱ ዋጋ ጨምሮ ነበር።