ከአመድ መስመሩ ወዲያ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር

ሣሩ የሚመቸው አሁን ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ርጥበቱን ገና አልጨረሰም፣ ከብት የጋጠው ሰርዶም አጥሮ ጥቅጥቅ ብሏል። ጎልፍን ከጎለመሰ በኋላ ለሚጀምር ሰው ጎጃም ውስጥ ከጥቅምትና ከኅዳር የተሻለ ጊዜ የለም። ሰርዶው ራሱ ለጎልፍ እንግዳ አይደለም፤ በሞቃት አገሮች የጎልፍ ሜዳዎች ላይ ሆን ተብሎ የሚተከለው ይኸው ሰርዶና ዝርያው ነው። እኛ ዘንድ ማንም ሳይተክለው በየግጦሹ ተነጥፎ ይገኛል።

ሜዳ ሳይኖር ጎልፍ እንዴት ይለመዳል የሚለው ጥያቄ አይቀርም። የጎልፍ ክለቡ ያለው አዲስ አበባ፣ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይጠይቃል። እኔ ግን የጀማሪ ዋና ችግር ሜዳ ማጣት ነው ብዬ አላምንም። በአንድ ዙር፣ ማለትም በ18 ጉድጓድ ጨዋታ፣ ከሚመቱት ምቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከጉድጓዱ 100 ሜትር ሳይርቁ የሚመቱ ናቸው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው አጭር ሣር፣ ደልዳላ መሬትና ትዕግሥት ነው፤ ሦስቱም እዚህ አሉ።

ዕቃውም ብዙ አይደለም። ደንቡ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን ሦስት ይበቃሉ፦ ባለ ብረት ራሱ 7 ቁጥር አይረን፣ ኳሷን ከፍ አድርጎ በአጭሩ የሚያነሳው ሳንድ ዌጅ፣ ወደ ጉድጓዱ በመሬት የሚያንከባልላት ፓተር። ለረጅም ምት የሚሆነው ድራይቨር ይቆይ። ኳሷን የሚመታው ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፣ የሚያጋድለው ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ዘንጉም ከሁሉም ይረዝማል። በዚህ ምክንያት ፊቱ ጥቂት እንኳ ሲዛባ ኳሷን አጠማዝዞ ከሜዳው ያስወጣታል። 7 ቁጥሩ 30 ዲግሪ ገደማ ስለሚያጋድል ለጀማሪ ይራራል። ያገለገለ ዱላ ሲገዛ መጀመሪያ መታየት ያለበት የእጀታው ጎማ ነው። ጎማው ደርቆ የሚያንሸራትት ከሆነ እጅ አለመጠን ይጨብጣል፣ ክንድ ይገተራል፣ ዱላውም ፍጥነቱን ያጣል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጎልፍ ትምህርት ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የዱላው ራስ መሬት የሚነካበትን ቦታ ማወቅን እመርጣለሁ። መሬት ላይ የተቀመጠች ኳስ በአይረን ስትመታ ዱላው መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ ሣሩን መንካት አለበት። ይህን ያልተረዳ ሰው ኳሷን ወደ ላይ ለማንሳት ከሥሯ ሊዝቃት ይሞክራል። ኳሷን የሚያነሳት የፊቱ ማጋደል ነው እንጂ ክንድ አይደለም፤ ዱላው ወደ ታች እየወረደ ሲያገኛት ነው ወደ ላይ የምትወጣው።

መለማመጃው አመድ ነው። ከምድጃ ጥቂት አመድ ወስዶ ሰርዶው ላይ ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጭን መስመር ማስመር፤ መስመሩ በሁለቱ እግሮች መካከል እንዲያልፍ፣ ዒላማው በግራ ትከሻ በኩል እንዲሆን አድርጎ መቆም። (ይህ ሁሉ ለቀኝ እጅ መቺ ነው፤ ግራኝ ይገልብጠው።) ያለ ኳስ አንድ ጊዜ መምታት፣ ሣሩ የተላጠበትን ማየት፣ በመስመሩ ላይ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ መድገም። የሣሩ መላጫ መስመሩ ላይ ጀምሮ ወደ ዒላማው በኩል ካለፈ ምቱ ትክክል ነው። ከአሥር ሰባቱ እንዲህ ሲሆኑ ኳስ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ በፊት ኳስ ማስቀመጥ ዓይንን ያታልላል፤ ኳሷ በአጋጣሚ ጥሩ ከሄደች ስሕተቱ ይሸፈናል።

መላጫው ከመስመሩ አምስትና አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲቀር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀኝ እግር ነው፤ ክብደቱ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው። ምቱ ሲያልቅ ቀኝ ተረከዝ ከመሬት ተነስቶ፣ ሰውነት በግራ እግር ላይ ቆሞ፣ እምብርት ወደ ዒላማው መዞር አለበት። በዚህ አቋም እስከ ሦስት እየቆጠሩ መቆየት ካልተቻለ ዱላው በኃይል ብቻ ነው የተወረወረው፤ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ኳሷ አናቷን ተመትታ ስትንከባለል ዳር ቆሞ የሚያይ ሁሉ "ቀና ብለሃል" ይላል። ይህ ምክር ብዙ ሰው ያበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ክብደቱ ወደ ኋላ በመቅረቱ ዱላው ዝቅ የሚልበት ቦታ ከኳሷ ኋላ ይሆናል፣ ኳሷ ዘንድ ሲደርስ ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ አናቷን ይልጣታል። ወይም ሰውየው ቀደም ሲል መሬት መትቶ ስለደነገጠ ክርኑን ያጥፋል። አንገትን አቀርቅሮ መቅረት ሁለቱንም አያድንም፤ እንዲያውም ትከሻ እንዳይዞር ያግዳል።

አያያዙን በአጭሩ፦ የግራ እጅ እጀታውን በጣቶቹ ሥር ይይዛል እንጂ በመዳፍ አይጨብጥም። ወደ ታች ሲታይ የግራ እጅ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓዎች መታየት አለባቸው። አንድም ካልታየ ፊቱ ተከፍቶ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ይመጣል፣ ኳሷም ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች። ኳሷ መጀመሪያ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ነው፤ የምትጠመዘዘው ደግሞ ፊቱ ከዱላው ጉዞ ጋር ሲለያይ ነው። ስለዚህ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ግራ ማነጣጠር መድኃኒት አይደለም፤ ዱላው ይበልጥ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲቆርጥ ስለሚያደርግ መጠማዘዙን ያብሰዋል። መጀመሪያ እጁ ይታይ።

ፊቱ ላይ የት እንደተመታ ለማወቅ የትምህርት ቤት ጠመኔ ይበቃል። የዱላውን ፊት በጠመኔ ማልበስ፣ መምታት፣ ጠመኔው የለቀቀበትን ማየት። ወደ ተረከዙ፣ ማለትም ዘንጉ ወደሚገባበት ጎን ከተጠጋ፣ ክብደቱ ወደ እግር ጣቶች ሄዷል ወይም ኳሷ በጣም ቀርባለች። ጫፉ ላይ ከሆነ ኳሷ ርቃለች ወይም ክንዶች ወደ ሰውነት ተሰብስበዋል። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ መሣሪያዎች ከሚሰጡት መረጃ ለጀማሪ የሚጠቅመው አብዛኛው በዚህ ይገኛል።

በልጅነቱ የገና ጨዋታን የተጫወተ ሰው አንድ ብልጫ አለው፤ ከመሬት ላይ ያለን ነገር በዱላ ማግኘት ለዓይኑም ለእጁም አዲስ አይደለም። ነገር ግን ሩሯ፣ የገናዋ ኳስ፣ የትም ርቃ ብትሄድ ለቡድኑ ደስታ ነው፤ ስንት እርምጃ ሄዳ የት ትቁም የሚል ጥያቄ በገና የለም። የጎልፍ ግማሽ ጥያቄ ግን ይኸው ነው። ስለዚህ ለገና ተጫዋች ከሙሉ ምት በፊት የሩብና የግማሽ ምት ልምምድ ይቅደም፤ እጁ ኃይልን መቆጠብ ይማር።

ርቀትን በተመለከተ በቪዲዮና በሠንጠረዥ የሚታየውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይገባም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ጥሩ የተመታች ኳስ እዚህ እስከ 9 በመቶ ገደማ ትርቃለች፣ መጠማዘዟም ይቀንሳል፤ ቀስ ብሎ የሚመታ ጀማሪ የሚያገኘው ጭማሪ ከዚህ ያንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ልዩነቱ እዚያ ይጠባል። የሚበጀው የራስን ሠንጠረዥ መሥራት ነው፦ በ7 ቁጥር አሥር ኳስ መትቶ፣ በጣም የራቁትን ሁለቱንና በጣም ያጠሩትን ሁለቱን ትቶ፣ የቀሩትን ስድስቱን በእርምጃ መለካት። አማካዩ እውነተኛው ርቀት ነው። አዲስ አበባም ከፍታዋ ከማርቆስ ብዙ ስለማይለይ ሠንጠረዡ እዚያ ያገለግላል።

ለአጭር ምት አንድ ባዶ ማዳበሪያ ዘርግቶ ኳሷን እሱ ላይ ማሳረፍ ነው። ከመጀመሪያው ክብደቱን ግራ እግር ላይ ማድረግ፣ ኳሷን ከእግሮቹ መካከል ጥቂት ወደ ቀኝ ማስቀመጥ፣ እጆቹ ከኳሷ ትንሽ ወደ ዒላማው ይቅደሙ። በ7 ቁጥር የተመታች ኳስ አንድ እጅ በአየር ሄዳ ሦስት እጅ ያህል ትንከባለላለች፤ በሳንድ ዌጅ የአየሩና የመሬቱ ጉዞ ይቀራረባሉ። ጀማሪ ሁሉ ሳንድ ዌጁን ይመርጣል፣ ከፍ ብላ ስትወርድ ታምራለችና። እኔ 7 ቁጥሩን እመርጣለሁ፤ ስሕተቱ ርካሽ ነው።

ለፓተር ደግሞ አውድማ የመሰለ የለም። ውቂያው አልቆ እህሉ ከገባ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ፣ በእበት የተለቀለቀው ወለል ጠንካራና ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱን ማስፈቀድ ግድ ነው፤ አውድማ የእህል ቦታ ስለሆነ ጫማ አውልቆ መግባትም ደግ ነው። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኳሷ ደግሞ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አታንስም። አውድማውን መቆፈር ስለማይገባ በጉድጓዱ ፈንታ የቡና ሲኒ ማስቀመጥ ይቻላል። ሲኒው ከጉድጓዱ ስለሚጠብ ዓይንን ያጠራል።

አቅጣጫ ከርቀት ይቀላል። ሁለት ምስማር ፓተሩን በጭንቅ በሚያሳልፍ ስፋት መሬት ላይ አኑሮ በመካከላቸው መምታት ፊቱን ቀጥ ያደርጋል፤ ይህ ግን በአውድማው ላይ ሳይሆን በጓሮ ይሁን። ርቀት ነው አድካሚው። ሦስት ጊዜ ፓተር የሚያስመታው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ምት እጅግ ማጠሩ ወይም ማለፉ ነው። ከሦስት፣ ከስድስትና ከዘጠኝ እርምጃ እያፈራረቁ መምታት፤ ኳሷ ሲኒውን አልፋ ከግማሽ ሜትር ሳትርቅ ብትቆም ጥሩ ነው። ጉልበት አይጨመርም፤ የሚረዝመው ፓተሩ ወደ ኋላ የሚሄድበት መጠን ነው። የዓለም ምርጥ ባለሙያዎች እንኳ ከ2.4 ሜትር የሚያስገቡት ግማሽ ያህሉን መሆኑን ማወቅ ጀማሪን ከከንቱ ንዴት ያድነዋል።

ስለ ጥንቃቄ ጠንከር ብዬ ልጻፍ። የጎልፍ ኳስ እስከ 45.93 ግራም የምትመዝን ጠጣር ነገር ናት፤ ጭንቅላት ላይ ካረፈች ልትገድል ትችላለች። የወል ግጦሽ የእረኞችና የከብት ነው፣ አቋራጭ መንገድም አያጣውም። እስከ 200 ሜትር ድረስ ፊት ለፊትም ሆነ በቀኝ በኩል ባዶ ካልሆነ ሙሉ ምት አይመታም። ሕፃናት ሲሰበሰቡ፣ መሰብሰባቸው ደግሞ አይቀርም፣ በካልሲ ኳስ መለማመድ ነው። የካልሲ ኳስ ርቀት አይነግርም፣ የአመድ መስመሩን ትምህርት ግን ሳያጓድል ይሰጣል። ለአጨዳ የተከለለ ሣር ውስጥ ጨርሶ አይገባም።

በጋው ሲከር፣ በተለይ ዋልካ መሬት ላይ፣ ነገሩ ይለወጣል። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠጥራል፤ በአይረን ደጋግሞ መምታቱ የክርንና የአንጓ ሕመም ያመጣል። ያን ጊዜ ወይ ቀይ አፈር ወዳለበት መሄድ፣ ወይ ኳሷን በአጭር ቲ፣ መሬት ላይ በሚተከል ትንሽ ማስቀመጫ፣ ከፍ አድርጎ መምታት፣ ወይ አውድማው ላይ መቆየት። ክረምት ሲገባ ዱላውን ከምት በኋላ አድርቆ ፊቱን በዘይት ጨርቅ መጥረግ፣ እጀታውን በሳሙና ማጠብ ነው።

ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው በሳምንት አራት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ መለማመድ እሑድ ሦስት ሰዓት ከመድከም ይበልጣል፤ ሰውነት ሲደክም የሚለማመደው ድካሙን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዱን ምት ደጋግሞ መምታት ተገቢ ነው። በኋላ ግን በየምቱ ዱላንና ዒላማን መቀያየር ያስፈልጋል፣ ሜዳ ላይ አንድ ምት ሁለት ጊዜ አይመጣምና። ልምምዱ ላይ የሚሳካው ምት ያነሰ ይመስላል፣ ትምህርቱ ግን ይጸናል።

አዲስ አበባ ለመጫወት የሚሄድ ሰው ከሰዓቱ ቀደም ብሎ ይድረስና መጀመሪያ ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ጉድጓድ ባለበት በጣም አጥሮ በታጨደው ሣር ላይ፣ ፓተር ይምታ፤ ሣር ከአውድማ ስለሚዘገይ እጁ አዲሱን ፍጥነት ይልመድ። የጠፋች ኳስ የምትፈለገው 3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካልተገኘች አንድ ምት ተጨምሮ ወደ ተመታችበት ቦታ መመለስ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የዓለም የሀንዲካፕ ሥርዓት ትልቁ ሀንዲካፕ፣ ማለትም ለተጫዋቹ እንደ ችሎታው የሚታሰብለት ተጨማሪ ምት፣ 54 ነው፤ በየጉድጓዱ ሦስት ምት መጨመር ማለት ነው። ፓሩ፣ ማለትም ከጎበዝ ተጫዋች የሚጠበቀው የምት ብዛት፣ 72 በሆነ ሜዳ 126 ይመጣል። ለመጀመሪያ ዙር ከዚህ የተሻለ መጠበቅ አያስፈልግም። ከዚያ ቀጥሎ የሚያዝበት ዒላማ 108 ይሁን፣ በየጉድጓዱ ሁለት ምት ጭማሪ። ካርዱ ላይ ከጠቅላላው ምት ጎን የፓተሩን ብዛት ለብቻው መጻፍ ይገባል፤ ከ40 በላይ ከሆነ ከጉዞው በኋላ ያለው ልምምድ አውድማው ላይ ይጀምር።