በገና ጨዋታ ስለ አሮጌው አዳራሽ

ውድ ወዳጆቻችን፣ በደብረ ማርቆስም በቡሬም፣ በሞጣም በዳንግላም፣ ከአገር ርቃችሁም ያላችሁ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? በዚሁ ፈቃድ የከተማ ሹሞችንም እናንተንም ዛሬ ትንሽ እንነካካለን። ነገሩ አሮጌ የቲያትር አዳራሾችን ከመፍረስ ስለ ማዳን ነው።

ጎጃም ለመድረክ ባዳ አይደለም። ከቅኔ ቤት ወጥተው ለቲያትር የጻፉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ሀገር ፍቅር ከ1927፣ ብሔራዊ ቲያትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ስማቸው ይጠራል። የክፍለ ሀገሩን አዳራሽ ግን ከሠፈሩ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሲፈርስም ወሬ ነጋሪ የለውም።

አዳራሽ የሚፈርሰው ዶዘር የቆመበት ዕለት አይደለም። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ፕላን፣ ሲከለስ የመንገድ መስመር ያረፈበት ዕለት አልቆለታል። በአዋጅ 574/2000 መሠረት ይህ ፕላን ለ10 ዓመት ይሠራል፤ ከመጽደቁ በፊትም ሕዝብ እንዲወያይበት ይጠራል። ያን ቀን ማን ይሄዳል? አበል ያለው ስብሰባ ከሆነ እንጂ! ስለዚህ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ቦታው በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ የይዞታ ካርታውም በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። የቀበሌ፣ የመንግሥት ወይም የግል መሆኑ ሳይታወቅ የሚጻፍ አቤቱታ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል።

ቀጥሎ ምዝገባ። ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚገባው ዶሴ የሕንፃው ልኬት፣ ፎቶና የሽማግሌዎች ምስክርነት ይኑረው፤ ከዚያ ወደ ዞን መምሪያና ወደ ክልል ቢሮ ይሄዳል። ቅርሱ ሀገር አቀፍ ነው ወይስ ክልላዊ የሚለውን የሚለየው አዋጅ 839/2006 ነው። ስትለኩ ጎንና ጎኑን ብቻ ሳይሆን ሰያፉንም ከማዕዘን ማዕዘን ያዙ፤ የድሮ ግድግዳ ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም፣ ያለ ሰያፍ ንድፉ አይገጥምም። መጠኑ 1 ለ 50 ይሁን፤ የ10 ሜትር ግድግዳ ወረቀት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዶሴውን ስታስገቡ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ካላስመታችሁ እንዳላስገባችሁ ቁጠሩት። በአዋጅ 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከቦታው አይነሣም፣ አይጠገንምም። ይህ በጎ ፈቃደኛንም ይመለከታል፤ «ልናሳምረው ነው» ማለት አያድንም።

«አርጅቷል፣ ለሕዝብ ደኅንነት አስጊ ነው» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስንጥቅ ታይቶ ነው። ስንጥቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ዋልካ አፈር ላይ የቆመ ግድግዳ በበጋ ይከፈታል፣ በክረምት መልሶ ይገጥማል፤ አፈሩ ሲደርቅ ይኮማተራላ፣ ሲርስ ያብጣላ። ባሕር ዛፍ አጠገቡ ካለ ውኃውን እየመጠጠ ነገሩን ያባብሰዋል። ለማጣራት በውስጥ በኩል ልስኑን ፍቃችሁ፣ ስንጥቁን አቋርጦ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 1 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጀሶ ለጥፉበትና ቀኑን ጫሩበት። ልስኑ ላይ ከለጠፋችሁት አይጠቅምም፤ ልስን ለብቻው ይነቃል። ውጭም አይሆንም፣ ጀሶ ዝናብ አይችልም። አንድ በጋና አንድ ክረምት አልፎ ጀሶው ደህና ከሆነ ስንጥቁ የድሮ ነው። ከተሰነጠቀ መሐንዲስ ጥሩ፣ ይህ በሽማግሌ አይታይም።

እውነቱን ለመናገር፣ እነዚህን ቤቶች ከዶዘር ይልቅ የሚያፈርሳቸው ውኃ ነው። ቆርቆሮው ቁመቱ ላይ ሲደራረብ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሚስማሩም ጎማ ኖሮት ከፍ ያለው ሞገድ ላይ ይመታ፣ ዝቅ ያለው ላይ ከተመታ ውኃው በቀዳዳው ይገባል። አሸንዳው ይጠረግ። ግድግዳው ሥር 1 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ይሠራለት።

ለግድግዳው የጭቃ ሥራ ደግሞ ምቹው ጊዜ ከገና በኋላ ያለው ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ አውድማ ላይ ነው፣ ዝናብም የለም። አፈሩ ከድንጋይ ተለቅሞ ከጭዱ ጋር ይረገጥ፣ ተሸፍኖም ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቡካ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይገላበጥ። ጭዱ ሲለሰልስና ጭቃው ሲሸት ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ጠብቁ፣ ከዚያ በተነፋ አፈር ስስ አድርጋችሁ ድገሙት። ሲሚንቶ አታስነኩት! ሲሚንቶ ጠንካራና እርጥበት የማያሳልፍ ስለሆነ ውኃው ከኋላው ይታሰርና ጭቃውን ያበሰብሰዋል፤ ውሎ አድሮ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል፣ የወደቀውም «ቤቱ አረጀ» ለሚለው ሰው ማስረጃ ይሆናል። ነጭ ቤት ካማራችሁ 1 እጅ ኖራ ለ 3 እጅ አሸዋ ልሰኑ፣ ለሳምንት ያህልም በረጠበ ጆንያ ሸፍኑት። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ ልጆችን አርቁ።

የዘመኑ ወረርሽኝ የአቡጀዲ ኮርኒስ ገንጥሎ ፒቪሲ የሚሉትን ፕላስቲክ መግጠም ነው። ጨርቁ ይውጠው የነበረውን ማሚቶ ፒቪሲው ይመልሰዋል፤ የተዋናዩ ቃል ከኋላ ወንበር አይለይም። የጣሪያውን ፍሳሽም ይደብቃል፤ አቡጀዲ ቢያንስ ቡናማ ክብ እየሠራ ያሳብቅ ነበር። የመድረኩን የመብራት መስመር በሙያተኛ አስፈትሹ፣ የራሱ ማቋረጫም ይኑረው።

ጥገናው ቢያልቅም የተዘጋ አዳራሽ ለማፍረስ ይመቻል። ኒው ዮርክ ላይ ካርኔጊ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1960 ከመፍረስ የተረፈው ጩኸት ስለበዛለት ብቻ ሳይሆን ከተማው በ5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ሥራውን እንዲቀጥል ስላደረገው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የእድር ስብሰባ፣ የቅኔ ምሽት፣ የተማሪዎች ቲያትር አለ፤ በወር አንዴ በሩ ይከፈት። ቁልፉ ሁለት ሰው ዘንድ ይቀመጥ፣ ከገቢው ለቆርቆሮና ለአሸንዳ የሚሆነው አስቀድሞ ይነሣ፣ የባንክ ሒሳቡም ያለ ሦስት ፈራሚ አይንቀሳቀስ። ጭዱን የምትገዙ ካላችሁ ለከብት መኖ ሳይሸጥ በዚህ ሳምንት ከገበሬው ጋር ተነጋገሩ።

መልካም የገና በዓል!