መስመር ሲጠፋ የማይከዳ የጌም መደብር ፍለጋ

ለገና ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ ለታናሽ ወንድሜ «ዘንድሮ አዲስ ጌም ይዤልህ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር። ጌሙን ገዝቻለሁ፤ አራት ሌሊት ፈጅቶ ወርዷል፤ ከመነሣቴ በፊትም ከፍቼ እንደሚሠራ አይቻለሁ። ጣርማበር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን መዘዞን አልፈን ስንሄድ ላፕቶፑን እንደ እንቁላል ታቅፌው ነበር። ማታ እራት ተበልቶ፣ ባና ደርበን እሳቱ ዳር ከተቀመጥን በኋላ ከፈትኩት። ጌሙን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ላውንቸሩ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ አስገባሁ። መገናኘት እንዳልቻለ የሚናገር መስኮት መጣና ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ቆመ። በአካባቢው የሞባይል ዳታ አልነበረም። ጌሙ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ አለ፣ ዋጋውም ተከፍሏል፣ መክፈት ግን አልቻልኩም። ወንድሜ ፊቴን አይቶ «አይዞህ ወንድም ጋሼ፣ ለፋሲካ ይደርሳል» አለኝ። የማጽናናው እኔ መሆን ሲገባኝ ልጁ ሲያጽናናኝ አንጀቴ ተላወሰ።

እስከዚያ ምሽት ድረስ መደብር የምመርጠው በዋጋ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የማየው መጀመሪያ ሌላ ነገር ሆነ፦ መስመር ሲጠፋ እጄ ላይ ምን ይቀራል?

መደብሩ የምንገዛበት ቦታ ነው። ላውንቸሩ ደግሞ ኮምፒውተራችን ላይ ተጭኖ ጌሙን የሚያወርደው፣ የሚያዘምነውና የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። ዋይፋይ በማይጠፋበት ከተማ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላሉ። እኛ ዘንድ ግን መብራት ይሄዳል፣ ዳታ ይቋረጣል፤ ለወራት ጨርሶ የጠፋበትን ጊዜም አይተናል። ስለዚህ ከበዓሉ ስመለስ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ ልፈትናቸው ወሰንኩ። ከእያንዳንዱ መደብር አንድ አንድ ጌም አወርዳለሁ፤ መስመር እያለ አንድ ጊዜ እከፍተዋለሁ፤ ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ዋይፋዩን ዘግቼ፣ አሥር ቀን ሳልነካው እቆያለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን መስመር ሳልከፍት ጌሙን አስነሣዋለሁ። ከተከፈተ መሐል ሜዳ ይሄዳል፤ ካልተከፈተ ደብረ ብርሃን ይቀራል።

በስቲም ጀመርኩ። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው መደብር ሲሆን የጌሙ ብዛት ትልቅ ነው፤ የላውንቸሩ ብስለትም ከሌሎቹ ይልቃል። ከመስመር ውጭ የመሥራት አማራጩ ፈተናዬን አልፏል፤ ግን ያለ ዝግጅት አይደለም። መስመር እያለ መግባት፣ የይለፍ ቃሉን እንዲያስታውስ ማድረግ፣ እያንዳንዱን ጌም ቢያንስ አንድ ጊዜ መክፈትና ከዚያ በኋላ ራስህ ከመስመር ውጭ እንዲሆን ማዘዝ ያስፈልጋል። እኔን ያስቸገረኝ ማዘመኛው (አፕዴቱ) ነው። ስቲም አዲስ ማዘመኛ መኖሩን ካወቀና ማውረዱን ካልጨረሰ ጌሙን አይከፍትም። ስለዚህ በየጌሙ ቅንብር ገብቼ «ጌሙን ስከፍት ብቻ አዘምን» የሚለውን መረጥኩ፤ ከጉዞ በፊትም የሚዘመነውን ሁሉ አዘምኜ ወዲያው መስመሩን ዘጋሁ።

ማውረጃውን በሰዓት መወሰን መቻሉ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ብቻ እንዲያወርድ አደረግኩት፤ ማሽኑ የእኛን 6 ሰዓት 12 ሰዓት ብሎ እንደሚጽፈው ልብ ማለት ነው። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ። 40 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በሴኮንድ 300 ኪሎባይት ሲወርድ 37 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ይህን አንድ ጊዜ ያሰላ ሰው ያወረደውን ጌም እንደ ዋዛ አያጠፋም። ስቲም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአንድ ቤት ኔትወርክ ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ጌም እንዲቀባበሉ ፈቅዷል፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው በቤት ውስጥ ገመድ ይወስደዋል። ሌላም መንገድ አለ፦ የጌሙን ማህደር (ፎልደር) በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ሌላው ኮምፒውተር ላይ በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥና «ጫን» ማለት። ስቲም ያለውን ፋይል መርምሮ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ደብረ ብርሃን ውስጥ የማውቃቸው ሦስት ጓደኞቼ አሁን እንደ ዕቁብ በየተራ አውርደን፣ ጌሙን በየመለያችን (በየአካውንታችን) የገዛን ሁሉ ማህደሩን እንገለባበጣለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስቲም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን እና 8ን መደገፍ አቁሟል። መሐል ሜዳ ያለው የወንድሜ አሮጌ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ስለሆነ ለእሱ ይህ መንገድ ዝግ ነበር።

ያን በር የከፈተልኝ ጎግ ነው። ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው የፖላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረው ይህ መደብር የሚሸጣቸውን ጌሞች የቅጂ መቆለፊያ ሳያደርግባቸው ይሸጣል። ጋላክሲ የሚባል ላውንቸር አለው፤ ሆኖም ግዴታ አይደለም። ከድረ ገጹ ላይ የጌሙን መጫኛ ፋይል አውርደህ ሃርድ ዲስክህ ላይ ታስቀምጣለህ። ከዚያ በኋላ መጫኛው ማንንም አይጠይቅም፤ መስመርም፣ የይለፍ ቃልም፣ ፈቃድም አይፈልግም። ትልልቅ ጌሞች ከ4 ጊጋባይት በማይበልጡ ክፍሎች ተከፋፍለው ስለሚመጡ በየሱቁ የምንገዛው ተራ ፍላሽ እንኳን ይይዛቸዋል፤ ማውረዱ መሐል ላይ መብራት ቢሄድም የሚጠፋው አንዱ ክፍል እንጂ ሁሉም አይደለም። ማዘመኛ ሲወጣ እሱንም ለይቶ ማውረድ የአንተ ድርሻ ነው፤ ይህ ሥራ ይጠይቃል። እኔ ግን ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ያወረድኩት ነገር የእኔ መሆኑን በእጄ ስለምዳስሰው።

የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ለገዢው የሚሰጠው ባለቤትነትን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድን ከሆነ ይህንኑ በግልጽ እንዲናገር አስገድዳለች። ያለ መስመር ለዘለቄታው የሚቀመጥ ፋይል የሚሰጡትን ግን ከግዴታው ነጻ አድርጋለች። ይህን ሳነብ ያ የገና ምሽት ነው የታወሰኝ። እዚያ የእሳት ዳር የተቀመጥኩት ጌም ሳይሆን ፈቃድ ታቅፌ ነበር።

ስለዚህ ለወንድሜ የመረጥኩት ጌም ስታርዲው ቫሊ ሆነ። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቃውንም ሥዕሉንም ጨምሮ ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይ ይሮጣል። ዋጋው 14.99 ዶላር ነው። እነዚህ መደብሮች በብር ስለማይሸጡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ የእኛም ሂሳብ አብሮ ተለወጠ፤ 850 ብር ግድም የነበረው ጌም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1,500 ብር አለፈ። የብር የባንክ ካርዴ እዚያ ስለማይሠራም አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በስጦታ ገዝታ ትልክልኛለች፤ እኔም ገንዘቡን እዚህ ለአክስቴ እሰጣለሁ። በስቲም በኩል የዲጂታል ስጦታ ካርድ ለመላክ ጓደኝነቱ 3 ቀን የሞላው መሆን አለበት። ምንም ያልተገዛበት አዲስ መለያ ደግሞ ራሱ የጓደኝነት ጥያቄ መላክ አይችልም፤ ጥያቄውን እሷ ትላክ።

ገንዘብ የማስመለሻ ጊዜውንም ያያችሁት አይመስለኝም፤ እኔም አላየሁትም ነበር። ስቲምና ቀጥዬ የማነሣው ኤፒክ የተባለው መደብር ከተገዛ 14 ቀን ያልሞላውንና ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱበትን ጌም ይመልሳሉ። ጎግ 30 ቀን ይሰጣል። ጌም ለማውረድ ሳምንት ለሚፈጅበት ሰው 14 ቀን ማለት 7 ቀን ነው፤ ውድ ጌም ስገዛ ይህን አስቀድሜ አስባለሁ።

ኤፒክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የተከፈተ መደብር ሲሆን በየሳምንቱ ሐሙስ ጌም በነጻ ይሰጣል። በእኛ ሰዓት አመሻሹ ላይ ይለወጣል። ብዙ ሰው ጌሙን ለማውረድ ዳታ የለኝም ብሎ ይተወዋል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መውሰድና ማውረድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስልክ ድረ ገጹን ከፍተህ ስትወስደው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይበቃል፤ ጌሙ መለያህ ላይ ይቀመጣል፤ ዋይፋይ ያገኘህ ቀን ታወርደዋለህ። በአሥር ቀኑ ፈተና ውጤቱ የተደባለቀ ነበር፤ በቅንብሩ ውስጥ ከመስመር ውጭ መክፈትን የሚፈቅደውን ምልክት ካደረግኩ በኋላ አንዳንዶቹ ጌሞች ተነሡ፣ አንዳንዶቹ እምቢ አሉ። ውሳኔው የጌሙ ሠሪ ስለሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ መሞከር ግድ ነው።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ላውንቸር በላውንቸር ላይ የሚጭነው ዓይነት ነው። ከአንድ መደብር የገዛሁት ጌም ሲከፈት የአሳታሚውን ሌላ ላውንቸር አስነሣ፤ ያም ሌላ መለያ፣ ሌላ የይለፍ ቃል፣ ሌላ ማዘመኛ ጠየቀ። የመጀመሪያው መደብር ከመስመር ውጭ ጥሩ ቢሠራም ሁለተኛው በሩን ይዘጋዋል። የገናውም ጉድ ምንጩ ይኸው ነበር። አሁን ከመግዛቴ በፊት በጌሙ ገጽ ላይ የሦስተኛ ወገን መለያ ያስፈልጋል የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን አያለሁ፤ ካለ አልገዛም። ሁሉንም ላውንቸር በአንድ መስኮት የሚሰበስቡ እንደ ፕሌይናይት ያሉ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ዝርዝሩን ያሳምራሉ እንጂ የተቆለፈውን አይከፍቱም።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚዞር ጌም በፍላሽ ማስገልበጥ ይቀላል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሞክሬዋለሁ፤ ከጌሙ ጋር የመጣው ቫይረስ የአባቴን የመጨረሻ ፎቶግራፎች በላብኝ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ወንድሜ ጌም መሥራት ይፈልጋል። በክረምቱ እኔ ዘንድ መጥቶ ገበጣን የሚያጫውት ትንሽ ጌም ሠራና ኢች (itch.io) በተባለው መደብር ላይ አወጣው። እዚያ ለማውጣት ምንም አይከፈልም፤ ስቲም ግን ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላል። ከሽያጩም ስቲም በመነሻው 30 በመቶ ይወስዳል፤ ኢች ድርሻውን ለሠሪው ውሳኔ ይተዋል። ልጁ ይህን ሲሰማ በ10 ዶላር ጌም ላይ ለሠሪው ስንት እንደሚቀር ደብተሩ ላይ አስልቶ ዝም ብሎ ብዙ ቆየ። የሌላውን ሰው ልፋት በነጻ ገልብጬ ለዚህ ልጅ ምን ብዬ አስረዳዋለሁ?

ለፋሲካ ስሄድ አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ይዣለሁ። ውስጡ ከጎግ የወረዱ ስድስት መጫኛዎች አሉ። መሐል ሜዳ ዳታ አልነበረም፤ አልፈለግነውምም። ወንድሜ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ስታርዲው ቫሊን ጫነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሬት ሲቆፍር፣ ዘር ሲዘራ፣ ውኃ ሲያጠጣ ነበር። እናቴ ቡናውን እየቆላች አንገቷን አስግጋ ተመለከተችና «ይኼ የዘራኸው ገብስ ነው?» አለችው። አይደለም፣ ድንች ነው አላት። «በል እንግዲህ ውርጭ ሳይመታው አረምረም አድርገው» ብላ ወደ ምጣዷ ዞረች።