ቢጫ ቅጠልና የድሬን ውኃ

ባለፈው የካቲት አንድ ማለዳ ወደ ማበቢያው ክፍል ስገባ፣ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት አንድ ቅጠል ቆርጦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። ቅጠሉ ከተክሉ ወገብ በታች የተወሰደ ነው፤ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ገላ ወደ ቢጫነት ዞሯል፣ ጠርዙ ላይም ዝገት የሚመስሉ ነጠብጣቦች ጣል ጣል ብለውበታል። «ጋሼ፣ ካልማግ አንሶታል፤ ዛሬውኑ ልጨምርለት?» አለኝ። ካልማግ የሚባለው እዚህ አገር በየአትክልት ዕቃ መደብሩ በጠርሙስ የሚሸጥ የካልሲየምና የማግኒዥየም ድብልቅ ነው። ልጁ የተናገረው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም፤ ቅጠሉ በእርግጥ ማግኒዥየም ያነሰው ይመስላል። እኔ ግን መጀመሪያ ከፖቱ ሥር የወጣውን ውኃ በብርጭቆ ይዞልኝ እንዲመጣ ነገርኩት።

የምሠራው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ፈቃድ ባለው የካናቢስ ማምረቻ ውስጥ ነው። የግዛቱ ሕዝብ ካናቢስን ለአዋቂዎች የፈቀደው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 በሰጠው ድምፅ ሲሆን ሱቆቹ የተከፈቱት በጃንዋሪ 2014 ነው። በአገር ቤት ሕግ ተክሉ የተከለከለ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ እኔም ስለ ጥቅሙና ጉዳቱ ለመከራከር አልተነሣሁም። የምጽፈው ስለ ሥሩና ስለ ምግቡ ነው። ሙያውን የጀመርኩት ሆለታ በሚገኝ የጽጌረዳ እርሻ ስለነበር፣ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር በኮኮፒት ላይ ጽጌረዳ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ለሚያለማም ሰው ያገለግላል።

ኮኮፒት ከኮኮናት ፍሬ ውጫዊ ቃጫ የሚዘጋጅ ሲሆን በብዛት የሚመጣው ከስሪላንካና ከሕንድ ነው። መልኩ አፈር ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ተክሉን የሚያሳድግ በቂ ምግብ በውስጡ ባይኖርም ባዶውን አይመጣም፤ ፖታሲየምና ሶዲየም ተሸክሞ ይመጣል፣ ቃጫው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የቆየ ከሆነ ደግሞ ጨዉ ይበረታል። የቃጫው ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ይዞ ያስቀራል፤ ከእነርሱም መካከል ሁለት ሙል ያላቸውን ካልሲየምና ማግኒዥየምን ከፖታሲየምና ከሶዲየም ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። በመሆኑም አስቀድሞ ያልታከመ ኮኮፒት ላይ የምናፈሰውን ካልሲየም ቃጫው ራሱ ይቀማና በምትኩ ፖታሲየም ይለቅቃል፤ ተክሉ የሚፈልገውን አጥቶ ያልጠየቀውን ይጎነጫል። ጥሩ አምራቾች ከመሸጣቸው በፊት በካልሲየም ናይትሬት ዘፍዝፈው የሚያጥቡት ለዚህ ነው። በርካሽ የሚገኘውን እንደ ጡብ የተጨመቀ ኮኮፒት የሚገዛ ሰው ይህን ሥራ በራሱ እጅ ካልሠራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያየው ቢጫነት ሁሉ መነሻው እዚያው ነው ማለት ይቻላል።

ቅጠል ሲነበብ የመጀመሪያው ጥያቄ ጉዳቱ ከየት ጀመረ የሚለው ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በተክሉ ውስጥ ይዘዋወራሉ፤ ሲያንሱ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለለጋው ስለሚሰጥ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ካልሲየምና ብረት ግን አንዴ ከገቡበት ቅጠል አይወጡም፤ ስለዚህ የእነርሱ እጥረት የሚታየው አናቱ ላይ፣ ገና በመውጣት ላይ ባለው ለጋ ቅጠል ነው። የታችኛው ቅጠል ጅማቱም ገላውም እኩል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅንን፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ብቻ ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየምን፣ ጠርዙ ዙሪያውን እንደተለበለበ ከደረቀ ፖታሲየምን እጠረጥራለሁ። አናቱ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ከግርጌው ጀምሮ የሎሚ መልክ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ጠፍቶ አይደለም፤ ፒኤቹ (ውኃው ምን ያህል አሲድ መሆኑን የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ከፍ በማለቱ ሥሩ ሊወስደው ስላልቻለ ነው። የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ካናቢስን አንድ አንድ ንጥረ ነገር እየነፈጉ ምልክቱን በፎቶግራፍ መዝግበዋል፤ ሥዕሎቹን ብዙ ጊዜ ተመልክቻቸዋለሁ፣ ጠቅመውኛልም። ይሁን እንጂ እነርሱ ሆን ብለው የነፈጉት በየተራ አንድ ነገር ነበር፤ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለትና ሦስት ችግር ተደራርቦ ስለሚመጣ አንዱ የሌላውን መልክ ይሸፍናል። በዚያ ላይ ቅጠሉ የሚያሳየው ሥሩ አካባቢ ቀደም ብሎ የደረሰውን ነገር ነው። ቢጫ ቅጠል አይቶ ጠርሙስ ማንሣትን የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው።

በአበባ እርሻ ቋንቋ ከፖቱ ሥር የሚወጣውን ውኃ ድሬን እንለዋለን። በኮኮፒት ሥራ ውስጥ ከዚህ ውኃ የበለጠ የማምነው ነገር የለም። የምናጠጣው ውኃ ፒኤቹ ከ5.8 እስከ 6.2፣ ኢሲው (በውኃው ውስጥ የሟሟውን ጨው ብዛት የሚያሳየው ልኬት) ደግሞ በአበባ ወቅት 2 አካባቢ ከሆነ፣ ድሬኑም ከዚህ ብዙ ባይርቅ ደስ ይለኛል። የድሬኑ ኢሲ ከምናጠጣው በጣም ከበለጠ ጨው ሥሩ አጠገብ እየተጠራቀመ ነው ማለት ነው፤ ካነሰ ደግሞ ተክሉ ከምንሰጠው በላይ እየበላ ነው። እዚህ ኮሎራዶ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ተክሉ በቅጠሉ የሚያተነው ውኃ ብዙ ነው፤ ሥሩ ውኃውን ፈጥኖ ይጠጣና ጨዉን ወደ ኋላ ይተወዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀን ከምናጠጣው ከ10 እስከ 20 በመቶው በሥር በኩል እንዲወጣ እናደርጋለን፤ ኮኮፒቱም ፈጽሞ እንዲደርቅ አንፈቅድም፣ ሲደርቅ የቀረው ጨው በጥቂት ውኃ ውስጥ ይከማቻልና።

መለኪያው ራሱ ትክክል ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የፒኤች መለኪያ በ4 እና በ7 መለኪያ ፈሳሾች በየሳምንቱ መስተካከል አለበት፤ ጫፉም በራሱ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ መቀመጥ ይገባዋል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የደረሰብኝን ልናገር። የምግብ ሠንጠረዣችን ልኩን በፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል ስንቱ ጨው እንደሆነ በሚናገረው ልኬት) «1000» ብሎ ያስቀምጣል፤ እኔም አዲስ የገዛሁት መለኪያ 1000 እስኪያሳይ ድረስ እየቀላቀልኩ አጠጣሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተክሎቹ ከታች ጀምረው ገረጡ። ለካ ፒፒኤም ሁለት ዓይነት ስሌት አለው፤ አንዱ ኢሲን በ500፣ ሌላው በ700 ያበዛል። ሠንጠረዡ የታሰበው በ500 ስለነበር ኢሲ 2 ማለቱ ነው፤ የእኔ መለኪያ የሚያሰላው በ700 ስለነበር 1000 ሲል ኢሲው 1.4 አካባቢ ብቻ ነበር። እኔ ማዳበሪያው ተበላሽቷል ብዬ አዲስ አስመጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ በፒፒኤም መነጋገር አቁሜ ኢሲ ብቻ እጽፋለሁ።

ሌላው ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ፖታሲየም ማብዛት ነው። አበባው ሲጀምር «ማፋፊያ» ተብለው የሚሸጡት ዱቄቶች አብዛኞቹ ፎስፈረስና ፖታሲየም ናቸው፤ ፖታሲየም ደግሞ ወደ ሥር በሚገባበት ጊዜ ማግኒዥየምንና ካልሲየምን ይሻማል። ኮኮፒቱ ከራሱ በሚለቀው ላይ ይህ ሲታከልበት የታችኛው ቅጠል የማግኒዥየም እጥረት ምልክት ያወጣል፤ ባለቤቱም ካልማግ ይጨምራል፣ ኢሲው ይወጣል፣ የቅጠሉ ጫፍ መቃጠል ይጀምራል። በአንድ ተክል ላይ እጥረትና ብዛት አብረው ሊታዩ የሚችሉት በዚህ መንገድ ነው። የቅጠል ጫፍ ብቻ ሲቃጠል ብዛት ነው፤ ቅጠሉ እጅግ ጠቁሮ ጫፉ እንደ ጥፍር ወደ ታች ሲጎብጥ ደግሞ ናይትሮጅን በዝቷል።

የምግብ ችግር ያልሆነ ነገርም የምግብ ችግር መስሎ ይመጣል። አናት ላይ ያለ ቅጠል ወደ መብራቱ በጣም ተጠግቶ ሊነጣ ይችላል፤ የቅጠል ግንድ በብርድ ወይም በዘሩ ጠባይ ሐምራዊ ሊሆን ይችላል፤ ማይት የሚባሉ ዓይን የማያያቸው ተባዮች ለጋውን ሲያጣምሙ የካልሲየም እጥረት ያስመስሉታል። ስለዚህ አጉሊ መነጽር ከኪሴ አይለይም። ተክሉ ያለ ምክንያት ከቀነጨረ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካናቢስ ላይ የተገኘው ሆፕ ላተንት ቫይሮይድ የተባለው፣ ከቫይረስም ያነሰ በሽታ አምጪ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል፤ እርሱን የሚያድን ማዳበሪያ የለም። መከር ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚታየው የታች ቅጠል ቢጫነትም እርጅና ስለሆነ አልነካውም።

ወደዚያ ማለዳ ልመለስ። ልጁ ያመጣው የድሬን ውኃ ሲለካ ኢሲው 4.3፣ ፒኤቹ 5.4 ሆነ፤ የምናጠጣው ግን 2 እና 6 ነበር። ማግኒዥየሙ እዚያው ነበረ፣ ከሌላው ጨው ጋር ተጋፍቶ መግባት አቅቶት ነው እንጂ። ቅጠሉ የተቆረጠበት ረድፍ ብቻ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ከየድሪፑ (ውኃውን ወደ ፖቱ ከሚያንጠባጥበው ጫፍ) ሥር ብርጭቆ አስቀምጠን አንድ የማጠጫ ዙር ጠበቅን። በጠረጴዛው ጫፍ ያሉት አራት ድሪፖች ከሌሎቹ ግማሽ ያህሉን ብቻ ሰጥተው ነበር። አንዱን ነቅለን ጥቁር ጨርቅ ላይ ስናራግፈው እንደ ጥሬ ኖራ ያለ ነጭ ዝቃጭ ወደቀ። ካልሲየም በወፍራሙ ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር ከተገናኘ ይህን ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ሀ እና ለ የሚባሉት የወፍራም ማዳበሪያ ታንኮች የሚለያዩትም ለዚህ ነው። የመስመሩ እጥበት በእኔ መዘግየት አንድ ወር አልፎበት ነበር።

ድሪፖቹን ቀየርን፣ መስመሩን አጠብን። ፖቶቹን በንጹሕ ውኃ አላጠብናቸውም፤ ንጹሕ ውኃ ጨዉን ሲወስድ የሥሩንም ሚዛን ያናጋዋል። ኢሲው 1.4፣ ፒኤቹ 6 በሆነ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ባለበት ቀጭን ምግብ፣ ድሬኑ ከ2.5 በታች እስኪወርድ ድረስ ቀስ እያልን አጠጣናቸው፤ ይህም ሁለት ቀን ወሰደ። የካልማጉ ጠርሙስ ከነክዳኑ መደርደሪያው ላይ ቆየ። የተጎዳ ቅጠል ስለማይመለስ የምንጠብቀው ለጋውን ነበር፤ በአሥረኛው ቀን ከላይ የወጡት ቅጠሎች ያለ ነጠብጣብ ተዘረጉ። ልጁ የመጀመሪያውን ቅጠል በመዝገቡ ላይ ለጥፎ ከጎኑ «ድሬን 4.3» ብሎ ጽፎበታል።