የተዘጋ የእንባ ቱቦዬን በቀዶ ሕክምና ያስከፈትኩበት መንገድ

ዓይን እንባ የሚያቀርረው እንባ ስለበዛበት ብቻ አይደለም፤ እንባው የሚወርድበት መንገድ ሲዘጋም ነው። እኔ ይህንን የሚነግረኝ ሰው ቶሎ አላገኘሁም። አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የግራ ዓይኔ ሳያቋርጥ ማንባት ሲጀምር ምክንያት ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ አንዱ የጠመኔ ብናኝ ነው አለ፣ ሌላው የቡና ጭስ፣ ሌላው ነፋስ። ተማሪዎቼ ደግሞ «ቲቸር ታለቅሳለች» እያሉ እርስ በርሳቸው ያንሾካሽኩ ነበር። በየክሊኒኩ የአለርጂ ጠብታ፣ ቀጥሎም የፀረ ተሕዋስያን ጠብታ ታዘዘልኝ። ጥቂት ቀን ይሻለኛል፤ ጠብታው ሲያልቅ ሁሉም እንደነበረው ይመለሳል። ጠዋት ስነሣ ሽፋሽፍቶቼ በኩስ ተጣብቀው አገኛቸዋለሁ።

ነገሩ የገባኝ የእንባን መንገድ ካወቅኩ በኋላ ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ የታችኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ብትስቡ፣ ወደ አፍንጫ በሚቀርበው ጠርዙ ላይ በመርፌ የተወጋ የምታክል ቀዳዳ ታያላችሁ። በላይኛው ቆብም አንድ አለች። ከሁለቱ ቀዳዳዎች የሚነሡት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ቀጫጭን ቱቦዎች ከአፍንጫ አጠገብ ባለ የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ወደተቀመጠ ትንሽ ከረጢት ይገባሉ። ከከረጢቱ ደግሞ ሌላ ቱቦ በአጥንት ውስጥ አልፎ አፍንጫ ውስጥ ይከፈታል። ስናለቅስ ንፍጣችን የሚበዛው፣ የዓይን ጠብታ ስናደርግም ጉሮሯችንን የሚመርረን በዚህ ምክንያት ነው። ዓይናችንን በጨፈንን በገለጥን ቁጥር ጡንቻው እንባውን እየገፋ ወደዚያ መንገድ ያስገባዋል።

የእኔ የተዘጋው ታች፣ ከከረጢቱ ወደ አፍንጫ የሚወርደው ቱቦ ላይ ነበር። እዚያ ሲዘጋ እንባው ከረጢቱ ውስጥ ይተኛል። የተደፈነ ቦይ ውስጥ የቆመ ውኃ እንደሚሸት ሁሉ የተኛ እንባም ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ መግል ይሆናል። ጠብታ ከላይ ያለውን ያጸዳል እንጂ ቦዩን አይከፍተውም። ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ በተለይም በጉልምስና ዕድሜና ከዚያ በኋላ ይበዛል፤ ቱቦው የሚያልፍበት አጥንት በሴቶች ላይ ጠበብ ያለ መሆኑ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። የጠመኔው ብናኝ በከንቱ ተከሷል።

አንድ ሌሊት ከዓይኔ ማዕዘን በታች፣ በአፍንጫዬ ጎን ያለው ቦታ ያብጥ ጀመር። ሲነጋ ቀይ፣ ትኩስና እጅ የማያስነካ ሆኖ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ገና ሲያዩኝ «ምች ነው ልጄ» ብለው ዳማከሴ ቆርጠው መጡ። ለደግነታቸው እጅ ነሥቻለሁ፤ ቅጠሉንም አሸተትኩት። ጭማቂው ግን ዓይኔ ውስጥ እንዲገባ አልፈቀድኩም። ማንም ቢሆን እንዳይፈቅድ እለምናለሁ፤ በዓይን ላይ የሚጨመቅ ቅጠል የዓይንን ጥቁሩን ክፍል አቁስሎ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

የዚያኑ ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሟ እብጠቱን በአንድ ጊዜ አወቀችው፤ የእንባ ከረጢት ድንገተኛ ኢንፌክሽን ነው አለችኝ። የሚዋጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና በሞቀ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ መተኮስ ታዘዘልኝ። ያን ቀን ቱቦውን ለመመርመር ምንም ነገር አላስገባችበትም። «እሳቱ ሳይበርድ አይነካም» ነበር ያለችኝ። መግሉ ቋጥሮ ቢበስል ኖሮ በትንሹ ተበጥቶ ይፈስ ነበር። በተጨማሪ ሳልጠይቃት ያስጠነቀቀችኝን እዚህ ላይ ማስተላለፍ እፈልጋለሁ፤ ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ከገፋ፣ ሲያንቀሳቅሱት ካመመ ወይም እይታ ከደበዘዘ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ጉድጓድ እየዘለቀ ሊሆን ይችላልና ሰዓት ሳያሳልፉ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

እብጠቱ ከሸሸ በኋላ ትክክለኛው ምርመራ ተደረገልኝ። አንድ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ማደንዘዣ ጠብታ ከተደረገልኝ በኋላ፣ ጫፉ የማይወጋ ቀጭን መርፌ በታችኛዋ ቀዳዳ ገብቶ ጨው ያለበት ንጹሕ ውኃ በቀስታ ተገፋ። መንገዱ ክፍት ቢሆን ውኃው ጉሮሮዬ ደርሶ ጨው ጨው ባለኝ ነበር። ምንም አልቀመስኩም። ውኃው ከመግል ጋር ተቀላቅሎ በላይኛዋ ቀዳዳ ተመልሶ ጉንጬ ላይ ፈሰሰ። ስንት ጠብታ ሲቀያየርልኝ የቆየው ዓይን መልሱ በጥቂት ደቂቃ ታወቀ፤ ምርመራው ደግሞ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ዓይናችሁ ለወራት ሲያነባ ከቆየ «የእንባ መንገዴ በውኃ ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

«ታዲያ በቀጭን ሽቦ አይጠረግም?» አልኳት። የእኅቴ ልጅ አራስ ሳለች ዓይኗ ያነባ ስለነበር እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን ሰምቼ ነበር። ሐኪሟ ልዩነቱን አስረዳችኝ። በሕፃናት ላይ መንገዱን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ከቱቦው መጨረሻ ላይ ሳይከፈት የቀረ ስስ ሽፋን ነው። ከዐሥር ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈትላቸዋል። እናት እጇን ታጥባ፣ ጥፍሯን ቆርጣ፣ በዓይኑ ማዕዘንና በአፍንጫው መካከል ጣቷን አሳርፋ ወደ ታች እየተጫነች ብታሸው መከፈቱን ያግዛል። ይህ አስተሻሸት በሕክምና መጽሔት ከተገለጸ ከ1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የእኅቴ ልጅም የዳነችው በዚሁ ነው። ዓመት አልፎም ካልተከፈተ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ሽፋኑን መብሳት ይቻላል። በአዋቂ ላይ ግን ቱቦው ራሱ ደጋግሞ ከመቆጣቱና ከማበጡ የተነሣ ጠባሳ ሆኖ ተጣብቋል፤ ቢወጉት ተመልሶ ይገጥማል። ስለዚህ አሮጌውን መንገድ ትቶ አዲስ መንገድ ማውጣት ያስፈልጋል።

አዲሱን መንገድ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና በሐኪሞች ዘንድ ዲሲአር ይባላል። በከረጢቱና በአፍንጫው መካከል ያለው አጥንት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በለጥ የሚል ቀዳዳ ይወጣለታል፤ ከዚያም ከረጢቱ ተከፍቶ የውስጥ ሽፋኑ ከአፍንጫው የውስጥ ሽፋን ጋር ይሰፋል። እንባው ከዚያ በኋላ የተዘጋውን ቱቦ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ከውጭ ቆዳን ሰንጥቆ ይህንን መሥራት የጀመረው ጣሊያናዊው ሐኪም አዴዮ ቶቲ ነው፤ ዓመቱም 1904 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ሽፋኖቹን እርስ በርስ መስፋት የተጨመረው ቆይቶ ነው። ዛሬ ቆዳ ሳይነካ በአፍንጫ በኩል በኢንዶስኮፕም፣ ማለትም ውስጥን በሚያሳይ ቀጭን መሣሪያ፣ ይሠራል።

ከሁለቱ የትኛውን ልምረጥ የሚለው ብዙ አስጨነቀኝ። በአፍንጫ በኩል የሚሠራው ፊት ላይ ጠባሳ አይተውም፤ ከውጭ የሚሠራው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ ይፈልጋል። በሁለቱም መንገድ፣ በሠለጠነ እጅ ከተሠራ፣ አብዛኛው ሰው ይድናል። ሐኪሜ ዘወትር የምትሠራው ከውጭ ያለውን ነበር። እኔም ስለ መሣሪያው ዘመናዊነት ከመጨነቅ ይልቅ የለመደ እጅ መረጥኩ፤ ዛሬም ቢሆን ሌላ አልመርጥም። ጠባሳዬን አሁን የሚያየው ፈልጎ ያገኘ ሰው ብቻ ነው።

ከቀዶው በፊት የደም ግፊቴ ተለካ፣ ደሜ ተመረመረ፣ የአፍንጫዬ ውስጥ ታየ። የምወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ዋና ስጋታቸው አስፕሪንና ደም የሚያቀጥኑ ሌሎች መድኃኒቶች ነበሩ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ሳይደብቅ ሊናገር ይገባል፤ በራሱ ፈቃድም ሊያቋርጣቸው አይገባም። የእኔ ትልቁ ፍርሃት የዓይኔን ብርሃን አጣለሁ የሚል ነበር። ሐኪሟ ሥራው ከአፍንጫ ጎን እንደሆነና ዓይኑ ራሱ እንደማይቀደድ እየሣለች አሳየችኝ። ያቺ በወረቀት ቁራጭ ላይ የተሣለች ሥዕል ከማረጋጊያ መድኃኒት ይልቅ ረድታኛለች።

ኦፕራሲዮኑ የተደረገልኝ ሳልተኛ፣ ቦታው ብቻ ደንዝዞ ነው። ማደንዘዣው መርፌ ሲገባ ያማል፤ አያምም ብዬ ማንንም አላታልልም። መድኃኒት የተነከረ ጎዝም በአፍንጫዬ ገባ፤ ደም ሥሮቹን አኮማትሮ መድማቱን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ሕመም አልነበረም። ያልጠበቅኩት ድምፁን ነው። አጥንቱ በትንሽ በትንሹ ሲቆረጥ ድምፁ ከራስ ቅል ውስጥ ይሰማል፤ ጫናውም ይታወቃል። ሐኪሟ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ትነግረኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ጉሮሮዬ ላይ ደም ደም ሲለኝ እንዳልውጠው ነገሩኝና ነርሷ መጠጠችልኝ። በመጨረሻ ሁለቱን ቀዳዳዎች አልፎ አፍንጫ ውስጥ የሚወርድ፣ እንደ ክር የቀጠነ የሲሊኮን ቱቦ ተቀመጠልኝ። ሥራው አዲሱ መንገድ እስኪድን እንዳይገጥም መጠበቅ ነው። ለሁሉም ታካሚ አይደረግም፤ ለእኔ ግን አስፈላጊ ሆኖ አግኝተውታል።

የድኅረ ቀዶው ጊዜ ከቀዶው ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጭንቅላቴን በትራስ ከፍ አድርጌ ተኛሁ። የመጀመሪያውን ቀን ትኩስ ነገር ክልክል ነበር፤ ሙቀት ደም ያስነሣል፤ ቡናዬንም ቀዝቅዞ ጠጣሁት። ከባድ ዕቃ ማንሣትና ጎንበስ ብሎ መሥራት ቀረ። ከሁሉም በላይ የተከለከልኩት አፍንጫ መናፈጥ ነው። ማስነጠስ ሲመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው እንጂ አፍንጫን ይዞ ማፈን አይገባም። ዓይኔ ዙሪያው በልዞ፣ ከአፍንጫዬም በመጠኑ ደም ያዠኝ ነበር፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ቶሎ የማይቆም መድማት ግን ወደ ሆስፒታል መመለሻ ምክንያት ነው። የቆዳው ስፌት ከሳምንት በኋላ ወጣ።

የሲሊኮኑ ቱቦ ለወራት ቆየ። በዓይን ማዕዘን ላይ እንደ ትንሽ ክር ይታያል እንጂ አይጎረብጥም። ዓይንን ማሸት ግን ሊያወጣው ይችላል። ወጥቶ ጉንጭ ላይ ከተንጠለጠለ መሳብም መቁረጥም አይገባም፤ በፕላስተር አፍንጫ ጎን ላይ አጣብቆ ሐኪም ጋር መሄድ ነው። የእኔ በቀጠሮው ቀን ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ በቅጽበት ወጣልኝ። አፍንጫዬን መናፈጥ ከተፈቀደልኝ በኋላ በዓይኔ ማዕዘን ትንሽ አየር ሲወጣ ተሰማኝና ወደ ሐኪሟ ደወልኩ። መንገዱ ክፍት የመሆኑ ምልክት ነው አለችኝ። በውኃው ምርመራ ድጋሚ ሲታይ ጨዉን ቀመስኩት።

እናቴን ከገጠር ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያመጣኋት ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኗ ማዕዘኑ ላይ ሁልጊዜ ኩስ እንደሚይዝ አውቅ ስለነበር «የእንባ መንገዷ መጀመሪያ ይታይልኝ» አልኩ። ሐኪሙ «እማማ፣ ትንሽ ልጫንዎት ነው» ብሎ በዓይኗ ማዕዘንና በአፍንጫዋ መካከል ሲጫን መግል ወጣ። በከረጢቱ መግል እያለ ዓይን ቢቀደድ ተሕዋስያኑ ወደ ዓይን ውስጥ ገብተው ብርሃንን ጨርሶ ሊያጠፉ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሞራው ቀጠሮ ተላለፈ። በዕድሜዋና በድካሟ ምክንያት ለእርሷ የተመረጠው የእኔው ዓይነት ሳይሆን ከረጢቱን ራሱን ማውጣት ነበር። አጥንት አይቆረጥበትም፤ ጊዜውም ያጥራል። ማንባቱ ሊቀር እንደሚችል ነግረውን ነበር፤ የእርሷ ዓይን ግን በእርጅና እንባው ያነሰ ስለሆነ አላስቸገራትም። ቁስሉ ድኖ መግል አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሞራው ተነሣላት። ሽማግሌና አሮጊት ይዛችሁ ለሞራ ሕክምና የምትሰለፉ ሁሉ፣ ዓይናቸው የሚያነባ ወይም ኩስ የሚይዝ ከሆነ ከመቀደዳቸው በፊት ለሚመዘግቧችሁና ለሚመረምሯቸው ባለሙያዎች ተናገሩ።