መሸኛ አምጣ

ሐሙስ ማታ፣ አዳማ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 አጭር ነው። ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ፣ በሕጋዊ መንገድ እዚህ ያለ የውጭ ዜጋም ጭምር፣ በአገሪቱ ውስጥ ይዘዋወራል፣ በመረጠው አካባቢ ይኖራል፣ ሲፈልግም ከአገር ይወጣል ይላል። ዜጋ ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለውም ይጨምራል። አለቀ። አንቀጽ 41 ደግሞ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ሠርቶ የመብላት መብትን ይሰጣል። ከ1987 ጀምሮ እንዲህ ተጽፎ ተቀምጧል።

እኔ ይህን መብት የማየው ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጀርባ ሆኜ ነው። ሱቄ ከቀበሌ አጠገብ ስለሆነ አዲስ ሰው ከተማችን መግባቱን ቶሎ አውቃለሁ። ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ማመልከቻ። ይህን ሲጠይቀኝ ገና ኑሮ እየጀመረ መሆኑ ይገባኛል።

ዛሬ ከሰዓት አንድ ልጅ መጣ። ከባሌ ገጠር ነው፤ ክልል እንኳ አልተሻገረም። ዳቦ ቤት ተቀጥሮ ሌሊት ሊጥ ያቦካል። የያዘው መታወቂያ የድሮው የወረቀቱ ነው። ፕላስቲኩ ጥግ ጥጉ ላይ ተላቋል፣ በውስጡ ዱቄት ገብቷል። ማኅተሙ ስለደበዘዘ ፎቶው ላይ ግማሽ ክብ ብቻ ቀርቷል። ጊዜውም ካለፈ ቆይቷል። አከራዩ፣ የከተማው መታወቂያ ከሌለህ ቤቱን ልቀቅ ብለውታል። ቀበሌ ሲሄድ ከነበርክበት መሸኛ አምጣ ተባለ። አገር ቤት ሲያስጠይቅ ደግሞ ራሱ በአካል ካልመጣ አንሰጥም አሉ። ልሂድ ቢል ዳቦ ቤቱ በቦታው ሌላ ሰው ይተካበታል።

«እትዬ፣ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ አድርገው ይጻፉልኝ» አለኝ።

«ምን አጥፍተህ ነው ይቅርታ የምትለው?»

ዝም አለ። ማመልከቻውን በኦሮምኛ ጻፍኩለትና መሃል ላይ አንቀጽ 32ን አስገባሁ። ሳነብለት ፊቱ ተለወጠ። «እሷን ያውጡልኝ፣ ይቆጡኛል» አለ። ደብዳቤው የእሱ ነው፣ አወጣኋት። ግን እስካሁን ውስጤን እየበላኝ ነው። ሰው መብቱን በስሙ ለመጥራት የሚፈራ ከሆነ፣ ወረቀት ላይ መስፈሩ ምን ያደርግለታል?

ቡና የምንጣጣቸው ጎረቤቴ ጋሼ በደርግ ጊዜ ከከተማ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይያዝ እንደነበር ያስታውሳሉ። «አሁን እኮ ልጄ፣ ትኬት ቆርጠሽ መሄድ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው። አልፎ አልፎ ፍተሻ ቢኖርም መንገዱ ክፍት ነው፤ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ፈጣን መንገዱ አዲስ አበባን ደጃችን አድርሶታል። ጋሼን ግን አንድ ነገር አልኳቸው፦ መሄድ ሌላ፣ መኖር ሌላ። ያኔ ሰው የሚያዘው ኬላ ላይ ነበር። ዛሬ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይደርስና ቤት ሊከራይ ሲል ይያዛል።

የቀበሌዎቹ ልጆች ክፉ አይደሉም፣ አውቃቸዋለሁ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ፣ በሐሰተኛ ወረቀት የሚያጭበረብር እንዳይገባ ይሰጋሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም መብቱ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። ግን ገደቡ በሕግ የተደነገገ፣ ለደኅንነት ወይም ለሕዝብ ጤና ወይም ለሌሎች መብት በእርግጥ አስፈላጊ የሆነ መሆን አለበት። ታዲያ ልጁ መሸኛውን ራሱ ተሸክሞ መምጣቱ የማንን ደኅንነት ይጠብቃል? ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ማንነቱን ይናገራል። ነዋሪነቱን የሚመሰክርለት ግን ያው ቀበሌ ነው። በዚህ አሠራር የአዲሱ ኑሮው ቁልፍ ትቶት በመጣው ቦታ እጅ ቀርቷል።

የሚኖሩበትን ቦታ ስለ መምረጥ ሳስብ በ2010 አካባቢ ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው እዚህ አዳማ የሰፈሩት ሰዎችም ትዝ ይሉኛል። እነሱ አዳማን አልመረጡም፣ ቤታቸውን ተነጥቀው ነው የመጡት። የመኖሪያ ነፃነት ባሉበት ያለ ስጋት መቆየትንም ይጨምራል። ይህን ጉዳይ በሌላ ቀን በሰፊው እጽፍበታለሁ፣ በሁለት መስመር የሚታለፍ አይደለም።

ደግሞ አዳማ ማንን ነው ባዳ የምትለው? ከተማዋ ያደገችው በባቡሩ ነው። ወደ አሰላ፣ ወደ ሐረር፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድ እዚህ ይገናኛል። ሰፈሬ ውስጥ አያቱ ከሌላ ቦታ ያልመጣ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

እሑድ የሰፈር ስብሰባ አለ። ብዙ ጊዜ ስለ ውኃና ስለ ቆሻሻ ብቻ ተነጋግረን እንበተናለን። በዚህኛው እጄን አውጥቼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ አንዱ ቀበሌ ለሌላው በቀጥታ ጽፎ መሸኛውን ለምን አያስመጣም? መልሱ እስኪመጣም ለልጁ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠው፣ አከራዩ ያንን አይተው ያሳድሩት።