በመርፌ የተጻፈ ስም

እዚህ ሜሪላንድ ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ከምረዳቸው እናቶች አንዷ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በመስታወት የተያዘ ያረጀ ጨርቅ ሰቅለዋል። የእንግሊዝኛ ፊደላት በተርታ፣ ቀጥሎ ቁጥሮች፣ ቀጥሎ አጭር መንፈሳዊ ግጥም። ከሥር የአንዲት ልጅ ስም፣ ዕድሜዋና ዓመቱ። ሁሉም በጥልፍ ነው። የቅድመ አያታቸው እናት ተማሪ ሳለች የሠራችው ነው። እዚህ አገር «ሳምፕለር» ይሉታል።

ልጅ ሆኜ ጥልፍ ስለተማርኩ ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ወደ አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የጥቃቅን መስቀሎች ድርድር ነው። የጨርቁ ክር እየተቆጠረ ነው የሚሠራው። በአንድ ክር ከተሳሳቱ ፊደሉ ይንጋደዳል፤ ፈትቶ እንደገና መጀመር ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አንሶላና ፎጣ ውድ ንብረት ስለነበር የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደልና ቁጥር ይጠለፍበት ነበር። ሴት ልጅ ፊደል መጥለፍ የምትማረው አንድም ለዚህ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን ብዙ ሴት ልጆች ማንበብና መስፋት ይማሩ ነበር፤ በብዕር መጻፍ ግን የወንድ ሙያ ነበር የሚባለው። ስሟን በክር አሳምራ የምትጠልፍ ሴት ውል ፈርሚ ስትባል ምልክት ብቻ የምታደርግበት ጊዜ ነበር።

ይህን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ትራስ ልብስ ላይ «መልካም እንቅልፍ» ብላ ስትጠልፍ ፊደሉ የታተመ ነው የሚመስለው። ሰው በእርሳስ ይጽፍላታል፣ እሷ ትከተለዋለች። ቀበሌ ስትሄድ ግን የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር። እጇ መጻፍ አቅቶት አይደለም። ያስተማራት የለም።

እዚህ አሜሪካ ግን ሁሉም ትምህርት ቤት ፊደል ማስጠለፍ ላይ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1799 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች የከፈቱት ዌስታውን ትምህርት ቤት ልጃገረዶቹን በመርፌ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ውስጡ የተጠቀጠቀ ኳስ በሐር ጨርቅ ይለብጣሉ። ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ የአህጉራቱን ዳርቻ በሐር ክር ያሰምሩበታል። ከመንደሯ ርቃ የማታውቅ ልጅ የአፍሪካን ጠረፍ በመርፌ ስትዞረው አስቡት! የጥልፍ ሰዓት የባከነ ሰዓት ነው ለሚሉ ይህን ኳስ ባሳያቸው ደስ ይለኛል። ያም ሆኖ ወንድሞቻቸው ሌላ ትምህርት በሚማሩበት ሰዓት እነሱ መርፌ ይዘው መቀመጣቸው ያናድደኛል።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን እዚሁ ቅርባችን ባልቲሞር ያለው ነው። ሜሪ ኤልሳቤጥ ላንጅ ከካሪቢያን የመጣች ጥቁር ስደተኛ ነበረች። በ1828 ለጥቁር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በማግስቱ ዓመት ከጓደኞቿ ጋር የመነኮሳት ማኅበር መሠረቱ። ያኔ ሜሪላንድ ውስጥ ጥቁር ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ይገዛ ነበር። ልጆቹ ከንባብና ከሂሳብ ጋር ጥልፍም ይማሩ ነበር። ስማቸውን የጠለፉባቸው ጨርቆች እስከ ዛሬ ተርፈዋል። ብዙ ጥቁር በጌታው መዝገብ ውስጥ በዋጋ በሚመዘገብበት አገር፣ እነዚህ ልጆች ስማቸውን በገዛ እጃቸው አስፍረዋል።

ትምህርት ቤቱ ዛሬም እያስተማረ ነው። ባልቲሞር ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ስለዚህች ሴት ካልሰሙ እባካችሁ ንገሯቸው።